ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናቶች፣ የአጫሽ ሳንባ

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ አዲስ አበባ ጭስ ተከናንባ ትነጋለች። ጎህ ሳይቀድ በየደጁና በየመንደሩ መታጠፊያ የተጠረገው ቆሻሻ ይከመራል፤ ቅጠሉ፣ ካርቶኑ፣ አሮጌው ጨርቅ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፌስታሉና የውኃ ጠርሙሱ ሳይቀር በአንድነት ይለኮሳል። ነጩ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከጣሪያ ትንሽ ከፍ እንዳለ ወደ ጎን ይተኛል። የአንዱ መንደር ከሌላው ይያያዛል፤ ፀሐይዋ እስክትበረታ ድረስም ከተማዋን ሳይለቅ ይቆያል።

ልማዱ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። መነሻው የከተማዋ ትልቅ ሐዘን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ቀጠፈ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ነው የተረፉት። ሕዝቡም ዘመኑ በፈቀደለት እውቀት ሰፈሩን ጠረገ፣ ጥራጊውን አቃጠለ፣ አየሩን አጠነ። መጥረጉ ትክክል ነበር። ጭሱ በሽታ ያባርራል የሚለው እምነት ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ከእኛ ጋር አለ።

በዚህች ቀን በየቤቱ በራቸውን ዘግተው፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፈው የሚውሉ ሰዎች አሉ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ፓፋቸውን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን) ትራሳቸው ሥር አድርገው ቀኑ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ለእነርሱ የኅዳር 12 ጭስ የዓመቱ ክፉ ቀን ይሁን እንጂ እንግዳ አይደለም። ብዙዎቹን ያሳመማቸው ዓመቱን ሙሉ ከማድቤታቸው ያልወጣ ጭስ ነው።

የሚጎዳው አይታይም

ጭስ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ወይም ጥቁር ደመና ነው። ሳንባ ድረስ ዘልቆ ጉዳት የሚያደርሰው ግን በዓይን የማይለየው ደቃቅ ብናኝ ነው። የሙያው ሰዎች ፒኤም 2.5 ይሉታል፤ ስፋቱ 2.5 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ብናኝ ማለት ነው። የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ስለሚደርስ፣ ብናኙ ከፀጉሩ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ያነሰ ነው። ከእንጨት፣ ከኩበት፣ ከከሰል፣ ከናፍጣ፣ ከሚቃጠል ፕላስቲክ ይወጣል። ነገር ሲቃጠል፣ በተለይም በደንብ ሳይነድ ሲጨስ፣ ይህ ብናኝ ይፈጠራል።

ተፈጥሮ ሳንባን ያለ ጠባቂ አልተወችውም። ተለቅ ያለውን አቧራ አፍንጫ ይይዘዋል። ከዚያ ያመለጠውን የአየር ቧንቧው ንፍጥ ያጣብቀዋል፣ ከሥሩ ያሉት ረቂቅ ፀጉሮችም ወደ ላይ እየገፉ በአክታ ያስወጡታል። ደቃቁ ብናኝ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ኦክስጅን ወደ ደም ከሚሻገርባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ከረጢቶቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 70 ካሬ ሜትር ይሆናል ይባላል። እዚያ ገፍቶ የሚያስወጣ ፀጉር የለም። ያለው ማክሮፌጅ የሚባል ባዕድ ነገር የሚውጥ ሕዋስ ነው።

ማክሮፌጁ ጥላሸቱን ይውጣል፤ ሊፈጨው ግን አይችልም። የአደጋ ምልክት ይልካል፤ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳትም በደም በኩል ይደርሱለታል። ተላላፊ ጀርም ቢሆን ኖሮ ገድለውት ይመለሱ ነበር። ጥላሸት ግን አይሞትም። ለጀርም ያዘጋጁትን ኬሚካል በራሱ በሳንባው ሥጋ ላይ ያፈሱታል። አንድ ቀን ቢሆን ይድናል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሲሆን ግን ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ቀጫጭኖቹ የአየር መተላለፊያዎች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ውስጣቸው ይጠባል፣ አክታ ይሞላቸዋል። የአየር ከረጢቶቹም ግድግዳ እየተበላ ሁለቱ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። በትንባሆ የተጎዳ ሳንባ ላይ ይህ የከረጢቶች መበላት ይበረታል፤ በእንጨት ጭስ የተጎዳው ላይ ደግሞ በብዛት የሚታየው የመተላለፊያዎቹ መጥበብና ጠባሳ መያዝ ነው። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው።

ጤነኛ ሳንባ አየር ሲገባበት ይለጠጣል፣ ሲወጣ ራሱ ይሰበሰባል። የታመመው እንደ ላላ የቀሚስ ላስቲክ ነው፤ ይለጠጣል እንጂ አይሰበሰብም። ስለዚህ በሽተኛዋን ይበልጥ የሚያስቸግራት የገባው አየር አልወጣ ማለቱ ነው። አሮጌው አየር ውስጥ ታስሮ ለአዲሱ ቦታ ይነሳዋል። ዳገት ስትወጣ፣ እንስራ ስታነሳ፣ ቆይቶም ነጠላዋን ስታጣፋ ያፍናታል።

ሕመሙ በሕክምናው ዓለም ሲኦፒዲ ይባላል፤ ሥር የሰደደ የአየር መተላለፊያ መዘጋት ሕመም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚገድሉ ምክንያቶች አራተኛው ነው። 70 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ ሕመም ከሚሞቱት ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በሀብታም አገሮች ከታማሚዎቹ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕመማቸው የመጣው ከትንባሆ ነው። እንደ እኛ ባሉ አገሮች የትንባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። ከቀረው ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘው የቤት ውስጥ ጭስ ነው።

እፍ ስትል

በደጋው አገር አንዲት እናት እንጀራ ስትጋግር ላስተዋለ፣ ሳንባዋ እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት መሣሪያ አያስፈልገውም። ማድቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮት ቢኖረው እንኳ ሙቀቱ እንዳይወጣ ተዘግቷል። የጣሪያው እንጨት በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ምጣዱ በጉልቻ ላይ ተጥዷል፤ ሥሩ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ያልደረቀ ፍልጥ ይጤሳል። ምጣዱ መጋሉን ስታይ የጎመን ዘር ትበትንና በማሰሻ ታሸዋለች። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ታፈሳለች። እንጀራው ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ትከድናለች።

እሳቱ ደከም ሲል ዝቅ ትላለች፤ ፊቷ ከምድጃው አፍ አንድ ክንድ አይርቅም። እፍ ትላለች። እፍ ለማለት ሳንባዋን እስከ ታች ሞልታለች፤ እፍ ብላ ስትጨርስም ባዶ የቀረውን ሳንባዋን የምትሞላው እዚያው ጎንበስ እንዳለች፣ ገና ያልተቀጣጠለው እንጨት ከሚተፋው ድፍን ጭስ ነው። ጭሱ እጅግ የሚከፋው በዚህች ሰዓት ነው፤ ትንፋሿም እጅግ የሚጠልቀው በዚህችው ሰዓት ነው። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትሳላለች፣ ሊጡን ትቀዳለች። ይህ በእያንዳንዱ እንጀራ ይደጋገማል፤ መሶቡ እስኪሞላ ድረስም ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄዳል። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ከእርሷ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 መጠን በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ በአንድ ቀን አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። አየር በማይገባበት ማድቤት ግን የብናኙ መጠን ከሚመከረው እስከ መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአሥር ቤቶች ከዘጠኝ የማያንሱት የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው አገር አቀፍ የትንባሆ ጥናት ደግሞ ከአዋቂ ሴቶች ትንባሆ የሚጠቀሙት 2 በመቶ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ የአገራችን ሴቶች ሳንባ በምን እንደሚጎዳ ግልጽ ይሆናል።

በከተማው ጭሱ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ከሰል የሚጨስ አይመስልምና ብዙ ሰው አያምነውም። ሲቀጣጠል ብዙ ብናኝ ይለቃል፣ ከተቀጣጠለ በኋላም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ቡናው ላይ የሚጨሰው ዕጣንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚፈጥረው ብናኝ ከዚሁ ወገን ነው። ወተቱ በወይራ በሚታጠንበት፣ ቡና ያለ ዕጣን በማይፈላበት አገር ይህን መናገር ይከብዳል። ልማዱን ለማቃለል አይደለም። ሳንባ ግን የደስታውን ጭስ ከሌላው ለይቶ አያውቅም።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ሳል የያዛት እናት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ፌጦ፣ ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ወደ ዝንጅብል ነው። «ብርድ ነው» ይባላል። ሲብስ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ስለሆነ አክታ ስጪ ትባላለች፤ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ አሁንም ብዙ ሰው ይይዛልና። ነቀርሳ የለም ከተባለ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ይቆማል። አንቲባዮቲክ ይሰጣታል፤ ትንሽ ይሻላታል፤ ከወር በኋላ ትመለሳለች። አንዱ ብሮንካይትስ ይላታል፣ ሌላው አስም። ካርዷ ይሞላል፣ የሕመሙ ስም ግን አይጻፍበትም።

ሐኪሙ ሲኦፒዲን ከጠረጠረ የሚጠይቀው የታወቀ ጥያቄ አለ፤ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» የሚል። ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡት እማማ የሚመልሱትም ይታወቃል፤ «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ። ሐኪሙም ጥርጣሬውን ትቶ ያልፋል። «በምን ይጋግራሉ? ከስንት ዓመትዎ ጀምረው? ማድቤቱ ጭስ መውጫ አለው?» ቢላቸው ኖሮ መልሱ ሌላ በር ይከፍት ነበር። ብዙ እናቶች ምጣድ አጠገብ መቆም የጀመሩት ገና በአሥር በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ሕመሙ የሚረጋገጠው ስፓይሮሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። ታማሚዋ አፍንጫዋ በመቆንጠጫ ይያዝና ቱቦውን በከንፈሯ ትጨብጣለች። «ይሳቡ፣ ይሳቡ... አሁን ይንፉ! ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ! አያቋርጡ!» ይላል ባለሙያው። ጤነኛ ሰው በሳንባው ካለው አየር አብዛኛውን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያወጣዋል። ታማሚዋ ግን ፊቷ እስኪቀላ ብትገፋም አየሩ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ፓፍ ተሰጥቷት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ዐርፋ ትደግመዋለች። ያኔም በአንደኛዋ ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልደረሰ፣ የአየር መተላለፊያዋ መጥበቡ ተረጋገጠ። ምርመራው አያምም፣ ደም አይፈልግም፣ የሚፈጀውም ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ሆኖም ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ መሣሪያውን ማግኘት ከባድ ነው። የሳንባ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ የሚያሠለጥነው መርሃ ግብር እንኳ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

የጠበበውን መተላለፊያ ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ፓፍ ይከፍታል፣ ያስታግሳል፤ በአግባቡ ካልተወሰደ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ዕቃ (ስፔሰር)፣ እርሱ ከሌለ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ፣ እንዲጠቀሙ የሚመከረው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፣ በልክ የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ለባሰባቸውም ኦክስጅን ይረዳሉ። ከሁሉም በላይ የሕመሙን ግስጋሴ የሚገታው ግን ከጭሱ መራቅ ነው። ፓፍ አዝዞ ወደዚያው ምድጃ መመለስ ሕክምናውን በግማሽ መተው ነው።

ሳንባው በተጎዳ ሰው ላይ የሚጨመር ጭስ

እስካሁን የተወራው ጭስ ሕመሙን እንዴት እንደሚፈጥር ነው። ሁለተኛው ጉዳቱ ፈጣን ነው። ሕመሙ ባለበት ሰው ላይ የአየሩ ብናኝ ድንገት ሲጨምር በቀናት ውስጥ ሕመሙ ይነሣበታል፤ ሳሉ ይበረታል፣ አክታው ቀለሙን ይለውጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ብዙዎቹ ድንገተኛ ክፍል የሚደርሱት እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መነሣት በኋላም ሳንባው ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

በዚህ ረገድ የታወቀው ታሪክ የለንደን ነው። በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ነፋስ ጠፋ፤ ቀዝቃዛው አየር ከሥር፣ ሞቃቱ ከላይ ሆነና የሚሊዮን ቤቶች የድንጋይ ከሰል ጭስ ከተማዋ ላይ ቀረ። ያኔ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 4 ሺህ ተገመተ፤ በኋላ የተደረገ ስሌት ደግሞ የተከታዮቹን ወራት ጨምሮ ወደ 12 ሺህ አደረሰው። ከሁሉ ቀድመው የሞቱት ሳንባቸውና ልባቸው ቀድሞ የታመመ ሰዎች ነበሩ።

በአሜሪካዋ የዩታ ግዛት የሆነው ደግሞ ነገሩን በግልባጩ አሳየ። በአንድ ሸለቆ የነበረ የብረት ፋብሪካ በሥራ ክርክር ምክንያት ከኦገስት 1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዓመት ገደማ ተዘጋ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው አርደን ፖፕ የሆስፒታል መዝገብ አገላብጦ ሲያይ፣ ፋብሪካው በሚሠራባቸው ቀዝቃዛ ወራት በብሮንካይትስና በአስም ሆስፒታል የሚተኙት ልጆች ፋብሪካው ከተዘጋበት ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነበሩ። ሕዝቡ ያው ነው፣ ብርዱም ያው ነው። የተለወጠው አየሩ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይችለዋል፤ የተጎዳው ግን ለመጠባበቂያ የሚሆን ትርፍ የለውም። ከዚህ ላይ ከተማዋ ከሰሜን በእንጦጦ ተከልላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ ሆኖ መውጫ ይነሳዋል። የማድቤቱ ጭስ፣ የአሮጌው ሚኒባስ ናፍጣና የግንባታው አቧራ እዚያው ይከማቻል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ ሠራተኛው ታክሲ የሚሰለፍበት ሰዓትም ይኸው ነው። በከተማዋ የተለካው የዓመት አማካይ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሦስተኛው ጉዳት ገና ባልታመሙት ላይ የሚደርስ ነው። የሰው ሳንባ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል። በልጅነቱ ሙሉ ያልሆነ ሳንባ የሚጀምረው ከጎደለ ነው፤ የእርጅናን ትንፋሽ ማጠር ቀድሞ ያገኘዋል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በደቃቅ ብናኝ እጅግ በተበከለው ከተማ ሳንባቸው ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ወጣቶች 7.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ንጹሕ በሆነው ከተማ 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተስፋ የሚሰጠው ተከታዩ ነው። አካባቢው አየሩን በሕግ ሲያጸዳ በኋላ የተወለዱት ልጆች ሳንባ በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

በቻይና ዩናን ግዛት በሹዋንዌ ወረዳ ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ቤት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ያለ ጭስ መውጫ የድንጋይ ከሰል ያነድ ነበር። ቆይቶ ብዙ ቤቶች ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሠሩ። ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ያካተተው ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ምድጃቸውን በለወጡት መካከል በሲኦፒዲ የመያዝ ዕድል በወንዶች 42 በመቶ፣ በሴቶች 25 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጥቅሙ በማያጠራጥር ሁኔታ የታየው ግን ከለውጡ አሥር ዓመት ያህል በኋላ ነበር። ሳንባ ለመታመም ዓመታት እንደሚፈጅበት ሁሉ ከጉዳቱ ለመገላገልም ዓመታት ይፈልጋል።

ከማላዊ የመጣው ትምህርት ደግሞ ጠንከር ይላል። በገጠሯ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ አድሎ ውጤቱን ተከታተለ። በሳንባ ምች የሚያዙ ሕፃናት ቁጥር አልቀነሰም። ምድጃው ጭሱን ቀነሰ እንጂ አላጠፋም፤ በደጅ የሚቃጠለው ቆሻሻ፣ የጎረቤቱ ምድጃም ባለበት ቀጥሏል።

እኛም አገር ማገዶ ቆጣቢ የሚባሉት ምርጥ ምድጃና ላቀች ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየገበያው አሉ። ምርጥ ምድጃ የምጣዱን እሳት አቅፎ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ከእንጦጦ ጀርባቸው ጎብጦ እንጨት ለሚያወርዱ ሴቶች ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ጭስንም ይቀንሳል። ነገር ግን ጭስ መውጫ ሳይገጠምለት በተዘጋ ማድቤት ከተቀመጠ፣ አየሩ ሳንባ ከሚችለው በላይ እንደ ተበከለ ይቆያል። ማገዶ ቆጣቢ ማለት ሳንባ አዳኝ ማለት አይደለም። የሳንባው መዳን የሚመጣው እሳቱ ራሱ ከማድቤት ሲወጣ ነው።

ለዚህ አገራችን ከብዙዎች የተሻለ ዕድል አላት። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ይህም የመንገዱን ጭስ በጊዜ ብዛት ይቀንሰዋል። ማድቤቱ ግን ገና ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ገደማው መብራት አያገኝም። መብራት ያለውም ቢሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል፤ በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት አባወራ በሚጠቀምበት ግቢ ሁለት ምጣድ አብሮ ሲሰካ መስመሩ አይችለውም። መብራቱ ሊጡ ከቦካ በኋላ ሲጠፋም እናት ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። የምጣዱ ዋጋም ለድሃ ቤት ቀላል አይደለም። ብዙ ሴቶች ጭሱን የመረጡት ወድደው አይደለም።

መለኪያም ያስፈልጋል። ለዓመታት የአዲስ አበባን አየር በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሳይ የነበረው በአሜሪካ ኤምባሲ የተተከለው መሣሪያ ነበር፤ በማርች 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በመላው ዓለም ያሉ ኤምባሲዎቹን መረጃ ማሳየት አቆመ። የራሳችንን አየር የምንለካው በራሳችን መሣሪያ፣ የምናሳየውም በራሳችን ሰሌዳ መሆን አለበት። ታማሚው ዛሬ ከቤት ልውጣ ወይስ ልቆይ ብሎ የሚወስነው በዚያ ነው።

ከዛሬ የሚጀመር

ኤሌክትሪኩ እስኪደርስ ድረስ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። አየሩ ከፈቀደ ውጭ ወይም ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር መጋገር፤ ማድቤት ከሆነ ትይዩ ሁለት መውጫ መክፈትና ጭስ መውጫ መሥራት። እንጨቱን ፈልጦ፣ አድርቆ ማንደድ፤ ርጥብ እንጨት ጭሱ ብዙ ነውና። ከሰል ውጭ አቀጣጥሎ፣ ፍም ከሆነ በኋላ እንኳ መስኮት ከፍቶ ማስገባት። እፍ ከማለት ይልቅ ማራገቢያ መጠቀም። ሕፃኑን ከጀርባ አውርዶ ከማድቤት ማራቅ። ፕላስቲክ በምንም ምክንያት አለማቃጠል። ነጠላን አፍንጫ ላይ መከናነብ ደቃቁን ብናኝ አያግድም፤ ክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ለእርሱ ሰፊ በር ነው። በቤት ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥራት እናት ካለች ደግሞ ምጣዱን ሌላ ጤነኛ ሰው ይረከባት፤ ባልም ወንድ ልጅም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ለንደን ከ1952ቱ ጭስ በኋላ እናቶችን መስኮት ክፈቱ ብላ አላለፈችም። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ በተከለሉ ቀበሌዎች የሚጨስ ማገዶን ከለከለ፤ ቤቶች ምድጃቸውን ሲለውጡ ከወጪው አብዛኛውን ማዘጋጃ ቤትና መንግሥት ሸፈኑላቸው። ከልካዩ ሕግና ከፋዩ በጀት አብረው ስለመጡ ነው ጭሱ የለቀቀው።

እኛም ቤት ለቤት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገጠሩን በእግራቸው አዳርሰው መጸዳጃ እንዲቆፈር፣ አጎበር እንዲዘረጋ፣ ሕፃናት እንዲከተቡ አድርገዋል። የማድቤት ጭስ ከእነዚህ በማያንስ ክብደት ዝርዝራቸው ውስጥ ይግባ፤ ጭስ መውጫ የሌለው ማድቤት መጸዳጃ እንደሌለው ቤት ይቆጠር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በረጅም ጊዜ ብድር ይቅረብ፣ ለድሃ ቤተሰብም በድጎማ። በየወረዳው ሆስፒታል አንድ ስፓይሮሜትርና አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ይኑር። በየጤና ጣቢያውም የምታሳል እናት በቀረበች ቁጥር «በምን ይጋግራሉ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱም ካርዷ ላይ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው በጀት አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ተረኛው የጤና መኮንን ሊጀምረው ይችላል።